አርባኛው ወንበር

አናጢው በዕድሜው እንዲህ ያለ ትልቅ ሥራ ገጥሞት አያውቅም፤ ለመዋዕለ ሕፃናት አርባ ትንንሽ ወንበሮች። ርእሰ መምህርቷ ደግሞ ቀልድ የሚባል ነገር አያውቁም። ትናንት «ነገ ጠዋት አርባው ሳይጎድል ከመጣ የጠረጴዛውም ሥራ ያንተ ነው። አለዚያ አናጢ ሞልቷል» ብለውታል።

ታዲያ መጨረሻ ላይ የአርባኛው ወንበር እግር ተሰነጠቀ። ትርፍ እንጨት የለም። አናጢው ግራ ቀኙን አየና ስንጥቁን በኮላና በሰጋቱራ ደፍኖ ቫርኒሽ ቀባው። ማን ያያል ብሎ! ግን ሴት ልጁ አይታለች፤ ነገ እዚያው መዋዕለ ሕፃናት የምትገባው፣ ሰፈሩ ሁሉ «እሜቴ ለምን» የሚላት የአምስት ዓመቷ።

«አባዬ፣ እዚህ ላይ ማነው የሚቀመጠው?»

«የደረሰው ልጅ ነዋ።»

«ከወደቀስ?»

«አይወድቅም! አንቺ ደግሞ ነገር አታብዢ፤ ሂጂ ተጫወቺ።»

ዞር ዞር እያለች ወንበሩን እያየች ሄደች።

ጋሪው ሲጫን አንድ ወንበር ታጣ። አናጢው ቢፈልግ ልጁን ከሥራ ጠረጴዛው ጀርባ አገኛት፤ ወንበሩን ገልብጣ ከመቀመጫው ሥር በእርሳሱ ዓሣ ትሥላለች። መሣል የምትችለው እሱን ብቻ ነው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ምልክት። ይሄ የእኔ ነው።»

«ከአርባው ይሄን መረጥሽ?»

«ሌላው ልጅ እግሩ እንደታመመ አያውቅማ! እኔ ስለማውቅ ቀስ ብዬ እቀመጣለሁ።»

አናጢው ሃያ ዓመት እንጨት ሲያቃና ኖሯል፤ እሱን ግን እንዲህ ያቃናው አልነበረም። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። መዶሻውን አንስቶ የተሰነጠቀውን እግር ነቀለው።

«በቃ፣ ሠላሳ ዘጠኙን እንወስዳለን። የጠረጴዛው ሥራም ይቅርብኝ።»

«ለምን? ያንተ በርጩማ ሦስት እግር አይደል ያለው? ወድቀህ ታውቃለህ?»

አናጢው ዞሮ በርጩማውን አየ። አሥራ አምስት ዓመት ተቀምጦበታል፤ አንድም ቀን አልጣለውም። ወዲያው መጋዙም መሰርሰሪያውም ተነሱ። መደገፊያው ወለቀ፣ መቀመጫው ክብ ሆነ፣ ሦስቱ ጤነኛ እግሮች ሰፋ ሰፋ ብለው ተተከሉ። ዓሣው መሃል ላይ ስለነበር ተረፈ።

አባትና ልጅ ጋሪውን ይዘው መዋዕለ ሕፃናቱ ደረሱ። ርእሰ መምህርቷ ቆጠሩ፤ በርጩማው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ይሄ ምንድን ነው?»

አናጢው ኮላውንም ሰጋቱራውንም ሳይደብቅ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈው። ሴትዮዋ ፊታቸውን አጨፈገጉ። «እስቲ አስገባቸው» አሉ።

የክፍሉ ወለል ያረጀ ነው፤ እዚህ ጎድጓዳ፣ እዚያ ጉብታ። ሴትዮዋ ወንበሮቹን ነካ ነካ እያደረጉ ዞሩ። ጥፋቱ የወለሉ ቢሆንም ብዙዎቹ ይንገዳገዳሉ። በርጩማውን ገፋ አደረጉት፤ ንቅንቅ አላለም። ጉብታው ላይ አኖሩት፤ ወይ ፍንክች! በመጨረሻ ራሳቸው ዘፍ ብለው ተቀመጡበትና ሳቁ። አስተማሪዎቹ የሴትዮዋን ሳቅ ለማየት በበር ብቅ ብቅ አሉ።

«ጠረጴዛዎቹንም ባለሦስት እግር አድርጋቸው። ለመሆኑ ይህን ማን አሰበው?»

«ልጄ ናት!» አለ አናጢው። ደረቱ ከሸሚዙ ሊወጣ ምንም አልቀረው።

ልጁ ግን አልሰማችም። ሴትዮዋ ሲነሱ በርጩማውን ገልብጣ፣ ጣቷን በምራቋ እያራሰች ዓሣውን ታጠፋለች።

«ለምን ታጠፊዋለሽ? የእኔ ነው ስትዪ አልነበር?» አላት አባቷ።

«አሁንማ ማንም ቢቀመጥበት አይወድቅም» አለችው።