በጥግ ያለችው ሴት ጣቶች

አሮጌው ቴሌቪዥናችን የሞተው እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ አጎቴ ኳስ እያየበት ሳለ ነው። ምስሉ ወደ መሃል ተሰብስቦ አንድ ነጭ መስመር ሆነ፤ ትንሽ ቆይቶ መስመሩም ጠፋ። አጎቴ ጀርባውን ሁለት ጊዜ በጥፊ አለው። ሦስተኛውን ሊደግም ሲል እናቴ ክንዱን ያዘችው።

"ተወው፣ በቃው" አለችው በእጇ።

እናቴ መስማት የተሳናት ናት። በሦስት ዓመቷ የያዛት ትኩሳት ነው ጆሮዋን የወሰደባት። ሸሚዝ በሚሰፋ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች፤ ሥራዋም የተሰፋውን መመርመር ነው። መርፌ አንዲት ቦታ ብትዘል ከእናቴ ዓይን አታመልጥም። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ አብሮን የሚኖር ጡረተኛ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ድሮ እግረኛ ባየ ቁጥር ክላክስ ይነፋ ስለነበር ባልደረቦቹ "ጡሩምባው" ይሉታል፤ ወሬውም ከክላክሱ አይተናነስም። እኔ ያለኋት አንድ ልጅ ነኝ፤ መድኃኒት ቤት እሠራለሁ። አፌንም እጄንም የፈታሁት እኩል ነው።

ቴሌቪዥን ለእናቴ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። የዜና ጣቢያው ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በስክሪኑ የታችኛው ጥግ ላይ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ማሳየት ጀምሯል። የክብሪት ቀፎ በምታህል ሳጥን ውስጥ ጥቁር ሹራብ የለበሰች ሴት ቆማ ታስተረጉማለች። በእኛ አሮጌ ቴሌቪዥን ግን ጣቶቿ አይለዩም ነበር፤ ጓንት ያጠለቀች ነው የምትመስለው። እናቴ አፍንጫዋ መስታወቱን እስኪነካ ድረስ ትጠጋለች፣ ዓይኗን ታጠብባለች፣ መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጣ ወደ እኔ ትዞራለች።

"ምን አለች?"

እኔም ደክሞኝ የገባሁ ቀን የግማሽ ሰዓቱን ዜና በሦስት ቃል እገላገለዋለሁ። "ያው ስብሰባ ነው። ዝናብ ይጥላል። ሌላ ነገር የለም።" ይህን ስል አንድ ቀን እንኳ አፍሬ አላውቅም።

ቴሌቪዥኑ ሲሞት ታዲያ ከሁላችን ያላዘነችው እሷ ናት። "አዲስ እንገዛለን" አለች። "የምመርጠው ግን እኔ ነኝ።"

ቅዳሜ ሦስታችንም ወደ ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ሄድን። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች ቴሌቪዥን ነው፤ በሁሉም ላይ ያው ቀይ ዓሣ ይዋኛል፣ ያው አበባ ይፈካል። አጎቴ ከበሩ ገባ ሲል ትልቁ ፊት ተገትሮ ቀረ።

"ይሄ ነው!" አለ። "በዚህ ላይ ኳስ ብታዪ ግብ ጠባቂው ሳሎን የገባ ነው የሚመስልሽ!"

ሻጩ ሸሚዙን በደንብ የተኮሰ፣ አፉ የፈጠነ ወጣት ነው። ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ "እናት ምን ዓይነት ነው የሚፈልጉት?" አለኝ።

"ራሷን ጠይቃት፤ እኔ አስተረጉምላችኋለሁ" አልኩት።

ትንሽ ደነገጠ፤ ቶሎ ግን ተመለሰ። "እናት፣ ይሄ ሃምሳ ኢንች ነው፣ ያኛው አርባ ሦስት። ሁለቱም ኤችዲ ናቸው። በዋጋም እኩል ናቸው። እኔ ብሆን ዓይኔን ሳላሽ ትልቁን ነው የምወስደው።"

እናቴ ጎንበስ ብላ ከስክሪኖቹ ሥር የተለጠፉትን ወረቀቶች አነበበች። "በዚህኛው ላይ 'ኤችዲ ሬዲ' ይላል፣ በዚያኛው ላይ 'ፉል ኤችዲ'። አንድ ከሆኑ ሁለት ስም ለምን አወጡላቸው?"

ሻጩ አንገቱን አከከ። "ያው… የነጥቦቻቸው ቁጥር ይለያያል። ምስሉ የሚሠራው ከጥቃቅን የብርሃን ነጥቦች ነው፤ ፒክስል ይባላሉ። ይሄኛው ወደ ጎን አንድ ሺህ ሦስት መቶ ስልሳ ስድስት፣ ወደ ታች ሰባት መቶ ስልሳ ስምንት አለው። ያኛው ወደ ጎን አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃያ፣ ወደ ታች አንድ ሺህ ሰማንያ። ግን እናት፣ ይሄ በዓይን የሚታይ ነገር አይደለም።"

"በዓይን የሚታይ አይደለም" ብዬ ሳስተረጉምላት እናቴ ፈገግ አለች። ያን ፈገግታ አውቀዋለሁ። የፋብሪካው አለቆች "ይሄን ማን ያየዋል" ብለው ሸሚዝ ሊያሳልፉ ሲሞክሩ የምታሳየው ፈገግታ ነው። ቦርሳዋን ከፍታ በሥራ ቦታ ክር የምትቆጥርበትን አጉሊ መነጽር አወጣች። ተጣጣፊ ነው፤ ሲዘረጋ ከሥሩ ስፋቷ ልክ አንድ ሳንቲ ሜትር የሆነች መስኮት አለችው። ትልቁ ስክሪን ላይ ለጠፈችውና ዓይኗን ደቀነች።

"ኧረ ሰው እያየን ነው!" አለ አጎቴ። እሱ ሲያፍር የሚናገረው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ዝቅ ያለው ድምፁም መንገድ ማዶ ይሰማል።

"አሥራ ሁለት" አለች እናቴ ቀና ብላ። ወደ አርባ ሦስቱ ሄዳ እንደገና ቆጠረች። "ሃያ።"

ወደ አጎቴ ዞራ ታስረዳው ጀመር፣ እኔም ሱቁ ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብዬ ተናገርኩላት። "ትልቁ ክር ያነሰው ጨርቅ ነው። ለጥጠው አሰፉት እንጂ ክር አልጨመሩበትም። ትንሹ ጥቅጥቅ ያለ ነው።" ስልኬን ተቀብላ ቁጥሮቹን አባዛች። ትልቁ በጠቅላላው አንድ ሚሊዮን ከምናምን ነጥብ ነው ያለው፤ ትንሹ ከሁለት ሚሊዮን በላይ። አጎቴ ስልኩን አገላብጦ አየው፣ የተሳሳተው ስልኩ እንደሆነ ሁሉ።

"እንዲያማ ከሆነ ፎርኬ የሚባለውን ይውሰዱ!" አለ ሻጩ፣ ወደ ውድ ውዱ ረድፍ እየመራን። "ነጥቡ የፉል ኤችዲ አራት እጥፍ ነው!"

እናቴ ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም። "ዜና ጣቢያው የሚልከው በስንት ነው?"

ሻጩ ወደ ኋላ ዞሮ አየ። ከኋላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ይሰሙ የነበሩት የሱቁ ባለቤት መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው ተነሡ።

"በሺህ ሰማንያ ነው" አሉ። "ፎርኬ ሲገዙ ቴሌቪዥኑ የጎደለውን ነጥብ በግምት ነው የሚሞላልዎት። በፎርኬ የተቀረጸ ፊልም የሚያዩ ከሆነ ደስ ይላል። ለዜና ከሆነ ግን ፉል ኤችዲው ይበቃዎታል።"

ሻጩ አለቃውን በግርምት አያቸው። እናቴ ግን "እኚህ ሰው ጨዋ ናቸው፤ አንድ ነገር ለምኚልኝ" አለችኝ። የለመነችው ዓሣውንና አበባውን አጥፍተው በሁለቱ ስክሪኖች ላይ የስድስት ሰዓቱን ዜና እንዲከፍቱላት ነው።

ባለቤቱ ከቢሯቸው ስርጭቱን የሚቀበለውን ዲኮደር አስመጥተው በየተራ እንዲሰካ አዘዙ። ይኼኔ አጎቴ ተነሣብኝ። "አንቺ እየሰማሽ ልትነግሪያት ነዋ! እንዲህማ አይሆንም!"

"ድምፁን ያጥፉት" አለች እናቴ። "እሷም ጀርባዋን ትስጥ።"

ድምፁ ጠፋ። ስክሪኑን ከኋላዬ አድርጌ ከእናቴ ፊት ለፊት ቆምኩ። አብሮን የቆመው ገበያተኛ ስምንት ይሆናል። መጀመሪያ የተሰካው ትልቁ ነው። የእናቴ እጆች ተንቀሳቀሱ፣ ቆሙ፣ ደግሞ ተንቀሳቀሱ፤ እኔም እግር በእግር ተከተልኩ። "ስለ ድልድይ ነው… በ… ወር… ቁጥሩ አልተለየኝም፣ ሁለት ይሁን ሦስት…" ግንባሯ ተቋጠረ።

ገመዱ ወደ አርባ ሦስቱ ተዛወረ። እናቴ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄደች። ትዝ ይለኛል፣ ወደ ኋላ ነው የሄደችው። ከዚያ እጆቿ እንደ ወንዝ ይፈስሱ ጀመር፤ እኔ ነኝ መድረስ ያቃተኝ።

"ድልድዩ በሁለት ወር ውስጥ ለተሽከርካሪ ክፍት ይሆናል። የስንዴ ዋጋ በአምስት በመቶ ቀንሷል። በዚህ ዓመት የተገነቡት ጤና ጣቢያዎች ሃያ ሰባት ናቸው። የሴቶች የሩጫ ቡድን ነገ ይገባል፤ አቀባበሉ ጠዋት በሦስት ሰዓት ነው…"

እየተናገርኩ ያለሁት እኔ የማላውቀውን ነገር ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ዜና የሰማሁት ከእናቴ ነው።

ዋና ዋና ዜናዎቹ ሊደገሙ ሲሉ ባለቤቱ ድምፁን ከፈቱት። ድልድይ፣ ሁለት ወር። ስንዴ፣ አምስት በመቶ። አንባቢው "ሃያ ሰባት ጤና ጣቢያዎች" ሲል አንዲት ገበያተኛ "አቤት!" ብላ እጇን በአፏ ላይ ጫነች። ሻጩ አጉሊ መነጽሩን ከእናቴ ለምኖ ስክሪኑ ላይ ተደፋ፤ "በእናቴ፣ ይቆጠራሉ!" እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሄድ ገበያውንም ረሳው።

እናቴ ግን እኔን ነው የምታየኝ። "ዜና ይሄን ያህል ረጅም ነው እንዴ?" አለችኝ።

የምገባበት ጠፋኝ። "ይቅርታ፣ እማ" አልኳት። ጉንጬን ቆንጠጥ አድርጋ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከቁንጥጫዋ በላይ አሳመመኝ።

ቴሌቪዥኑን አጎቴ ራሱ ተሸክሞ አስገባው፤ ቢያኮርፍም ለሌላ ሰው አላስነካም። እቤት ሰክተን ስንከፍተው ግን ጉድ ሆነ። ጥቁር ሹራብ የለበሰችው ሴት መልሳ ጓንቷን አጥልቃለች።

"ይኸው!" አለ አጎቴ። "አሳዩንና ሌላ አሸከሙን! ትልቁን ውሰጂ ስልሽ!"

እናቴ አልተናደደችም። ሸሚዝ ተበላሽቶ ሲመጣላት መጀመሪያ ሸሚዙን አትወቅስም፤ ወደ ስፌት መኪናው፣ ከመኪናው ወደ ክሩ ትሄዳለች። አሁንም ከስክሪኑ ጀርባ ገብታ ገመዱን በጣቷ እየተከተለች ዲኮደሩ ጋ ደረሰች። የሰካነው የድሮውን፣ ባለ ሦስት ቀለሙን ገመድ ነው። "በሱቁ የተሰካው አንድ ጠፍጣፋ አፍ ያለው ነበር" አለች። ሮጬ ሄጄ ኤችዲኤምአይ የሚባለውን ገዛሁ። ተሰካ፤ ምስሉ ትንሽ ተሻለው፣ ጣቶቹ ግን ገና ናቸው።

ሪሞቱን ተቀብላኝ የዲኮደሩን ማስተካከያ አንድ በአንድ ከፈተች። "የምስል ጥራት" የሚል ላይ ስትደርስ 576 ተጽፏል። ያ አሮጌ ዲኮደር ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር ሲኖር ለምዶ፣ ጣቢያው የሚልክለትን አሳንሶ ነበር የሚሰጠን። እናቴ ቁጥሩን ወደ 1080 ወስዳ ተጫነች። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ።

"አበላሸሽው!" ብሎ አጎቴ ተነሣ።

ሳይጨርስ ምስሉ መጣ። በጥግ ያለችው ሴት አምስት ጣት፣ ደግሞ አምስት ጣት ይዛ ብቅ አለች። እናቴ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ ሶፋው ላይ ዘለለች፤ በሃምሳ ሁለት ዓመቷ!

"ቀለበት አላት!" አለችኝ። "አግብታለች ለካ!"

ረቡዕ አመሻሽ ላይ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ፣ አጎቴም ዜናው እየተነበበ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። የዋናው የውሃ መስመር ስለሚጠገን ሰፈራችንን ጨምሮ በአራት ሰፈሮች ከነገ ንጋት ጀምሮ ለሦስት ቀን ውሃ እንደማይኖር ተነገረ። ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ ይህን ያየ አልነበረም። እናቴ ግን አየች። አጎቴን ቀስቅሳ በርሜሎቹን እንዲሞላ አዘዘችው፤ እሷም በትልቅ ወረቀት ላይ "ከነገ ጀምሮ ሦስት ቀን ውሃ የለም፤ አሁኑኑ ቅዱ" ብላ ጽፋ ከቤት ቤት ማንኳኳት ጀመረች። የሰፈሩ ዳቦ ጋጋሪ ወረቀቱን አንብቦ ሳቀባት፤ "እኛ ያልሰማነውን እሷ ከየት ሰማችው?" አለ አሉ። ጎረቤታችን፣ የፀጉር ቤቷ ባለቤት፣ ግን ፊቷን አይታ አመነቻት፤ ያላትን ዕቃ ሁሉ አውጥታ ሞላች።

በማግስቱ ቧንቧው ሁሉ አየር ተነፈሰ። እረፋዱ ላይ ዳቦ ጋጋሪው ሁለት ጀሪካን ይዞ፣ አንገቱን ሰብሮ በራችን ላይ ቆመ። እናቴ ሁለቱንም ሞልታ ሰጠችው። አጎቴ ግን "ከየት ሰማችው አልክ?" እያለ እስከ ዳቦ ቤቱ ሸኘው፤ መንገደኛው ሁሉ ሰማ።

ከሰዓት በኋላ የፀጉር ቤቷ ባለቤት መጣች። አሥር ዓመት ጎረቤት ሆነን ከእናቴ ጋር አንገት ከመነቅነቅ ያለፈ ሰላምታ አልነበራቸውም። አሁን በሩ ላይ ቆማ፣ "'አመሰግናለሁ' በእጅ እንዴት ነው የሚባለው?" ብላ ጠየቀችኝ። እኔ በእጄ ላሳያት ስል እናቴ ገፋ አድርጋኝ አለፈች። የሴትየዋን ቀኝ እጅ ያዘች፣ የተጨበጡትን ጣቶች አንድ በአንድ ዘረጋችላት፣ ወደ አገጯ አስጠግታ ወደ ፊት መራችው። ሴትየዋ ብቻዋን ሞከረችና ተሳሳተች። እናቴ ራሷን ነቀነቀችባትና እንደገና አሳየቻት።

በሁለተኛው ልክ አደረገችው።