የማይደውሉ ደንበኞች

ቴክኒሻኗ «ኮድ ላክ» የሚለውን እንደገና ተጫነችና እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። ጠበቀች። ምንም አልመጣም።

የነዘረው ስልኳ ነው። አባቷ ነበር የጻፈላት።

«ኢሜይሌ ደረሰ?»

«አልደረሰም አባዬ። ላክ ስልህ ላክ አላልኩህም?»

«እኔማ ልኬያለሁ። በሩ የተዘጋው እናንተ ጋ ነው።»

አባቷ ማንቁርቱ በቀዶ ሕክምና ከወጣ ወዲህ የሚተነፍሰው አንገቱ ላይ በተበጀ ቀዳዳ ነው። አይናገርም። ዕድሜ ልኩን የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ከተሳፋሪም ከትራፊክም ጋር ሲጯጯህ የኖረ ሰው፣ ዛሬ የሚጣላው በጣቱ ነው። ለቀዳዳው የሚሆነውን ቱቦና ማጣሪያ የሚሸጠው እሷ የምትሠራበት ድርጅት ነው። ከቢሮ ይዛለት ብትሄድ ደስ ባላት ነበር። እሺ አይልም። «እኔ ደንበኛ ነኝ» ይላል። ራሱ ይጽፋል፣ ራሱ ይከፍላል።

እንደ እሱ ያሉ ብዙ ናቸው። ሌላው ደንበኛ በስልክ ሲጠይቅ እነሱ ኢሜይል ይጽፋሉ። አድራሻው በየቱቦው ማሸጊያ ላይ ታትሟል። ሌላ አያውቁም።

በዚህ ሳምንት የድርጅቱ የጥሪ ማዕከል ወደ አዲስ ሲስተም ተዛውሯል። ሲስተሙ ኢንተርኔት ላይ ያለ ነው፤ ስልኩም ኢሜይሉም በአንድ ሰልፍ ጥሪ ተቀባዮቹ ስክሪን ላይ ይመጣል። የራሱ አድራሻ አለው፤ ረጅም፣ ማንም በቃሉ ሊይዘው የማይችል የፊደልና የቁጥር ድርድር። የቴክኒሻኗ ሥራ ማሸጊያው ላይ ያለውን አድራሻ እንዳለ አቆይቶ፣ ወደዚያ የተላከው ሁሉ በራሱ ወደ ረጅሙ አድራሻ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር። ኢሜይሉን የሚያስተናግደው ኩባንያ ግን ዝም ብሎ አያሳልፍም። መጀመሪያ ወደ ረጅሙ አድራሻ የቁጥር ኮድ ይልካል። ኮዱን አይታ ስታስገባለት ነው መንገዱ የሚከፈተው።

ኢሜይሉ እስካሁን የሚነበብበት የድሮው ፕሮግራም ዛሬ የሥራ ሰዓት ሲያልቅ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የሚጻፈው ሁሉ ማንም በማይከፍተው ሳጥን ውስጥ ይጠራቀማል።

ኃላፊው መጥቶ ጠረጴዛዋ ጥግ ላይ ቆመ።

«እህ፣ አለቀ?»

«ኮዱ እምቢ አለ።»

«እምቢ አለ ማለት?»

«ይላካል፣ አይደርስም። የት እንደሚገባ እንጃ።»

«እንግዲህ ካልሆነ ሰኞ ትጨርሺዋለሽ። ስንት ሰው ቢጽፍ ነው?»

«ቱቦው የተደፈነበት ሰው ሰኞን አይጠብቅም።»

ኃላፊው አንገቱን አከከ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቅዳሜና እሑድን የሚወድ ሰው ነበር።

«አባትሽ ናቸው?»

«አባቴም አለበት።»

«በይ ሞክሪ። እኔ ከማብራትና ከማጥፋት ሌላ አላውቅበትም» ብሎ ሄደ።

ረጅሙን አድራሻ ጣቷን ስክሪኑ ላይ እያስኬደች ፊደል በፊደል አነበበችው። ልክ ነው። የስፓም ሳጥኑን ከፈተች። ባዶ ነው። በእሷ ስክሪን ላይ የሚታየው ገና መልስ የሚጠብቀው መልእክት ብቻ ነው፤ እዚያም የለም። ምናልባት ጥሪ ተቀባዮቹ ጋ ይታይ እንደሆነ ብላ ኮዱን እንደገና ላከችና ላፕቶፗን ይዛ ፈጠን ብላ ወደሚሠሩበት አዳራሽ ገባች።

በሩ አጠገብ የምትቀመጠው መብረቅ ናት። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ደንበኛው «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ሳይጨርስ እሷ ጉዳዩን ጨርሳ ትሸኘዋለች። ቴክኒሻኗ በትከሻዋ በኩል አየች። ከሰልፉ አናት ላይ አዲስ መስመር ብቅ አለ። ልታነበው ጎንበስ ስትል ጠፋ።

«አንቺ! ያ አሁን የመጣው የት ሄደ?»

«ዘጋሁት።» መብረቅ ዞር እንኳ አላለችም። «ቆሻሻ ነው እህቴ። ዛሬ ሙሉ ቀን እንደ ዝንብ ሲመላለስብኝ ነው የዋለው። ስም የለው፣ ጉዳይ የለው፣ ቁጥር ብቻ። እነዚያ ሎተሪ ደረሰሽ የሚሉት ሌቦች ናቸው። እኔን አያገኙኝም!»

«ስንቱን ዘጋሽ?»

«የመጣውን ነዋ። ምነው፣ ልትሸልሙኝ ነው?»

ቴክኒሻኗ ባዶ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሳቅ አፈናት።

«የእኔ ነበር።»

«ምኑ?»

«ቁጥሩ። እሱን ስጠብቅ ነው የዋልኩት።»

መብረቅ እጆቿን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ወይኔ ጉዴ! ታዲያ ምን አለበት ብትነግሪን?»

እውነቷን ነበር። አልነገረቻቸውም። ኮዱም እንደ ማንኛውም ደንበኛ ተሰልፎ ጥሪ ተቀባዮቹ ጋ እንደሚደርስ ቀድማ አላሰበችውም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች። «አሁን ደግሜ እልካለሁ። እንዳትነኪው።»

«እጄ ላይ ነው የምቀመጠው» አለች መብረቅ፣ ያለችውንም አደረገች። ከዚያ ወደ አዳራሹ ጮኸች፦ «ሰዎች! ቁጥር የመጣለት እንዳይዘጋ! የቤት ሰው ነው!»

መስመሩ መጣ። መብረቅ ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበች፣ ቴክኒሻኗ በላፕቶፗ አስገባች። ስክሪኑ ላይ ያለችው የመጠበቂያ ክብ ትንሽ ዞረች፣ ቆመች፣ አረንጓዴ ሆነች።

«አባዬ፣ አሁን ላክ» ብላ ጻፈች።

ሁለቱም ስክሪኑ ላይ አፈጠጡ። መብረቅ እጆቿን ገና አላወጣችም። የአባቷ ደብዳቤ ከሰልፉ አናት ላይ ወጣ፦

«ማጣሪያ ሊያልቅብኝ ነው። ይህን የሚያነብ ሰው ካለ እግዜር ይስጠው። የሚያነብ ከሌለም ለልጄ ንገሩልኝ፤ በ‹ላክ አትላክ› ጣቴን ጨረሰችው።»

«እኚህ ሰውዬ ደግሞ ማናቸው?»

«አባቴ።»

«ውይ፣ ሲያስቁ! በይ ዞር በይልኝ፣ ማጣሪያቸው ዛሬ ነው የሚወጣው።»

ከሥር ሌሎች ተከተሉ። አንዲት ሴት የቱቦ ልክ ትጠይቃለች። አንድ ሰው ማሰሪያው እንደላላበትና ሌሊት እንደሚፈራ ይጽፋል። ቴክኒሻኗ ጀርባዋን ወንበሩ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ቀለላት።

ኃላፊው አዳራሹ ሲንጫጫ ሰምቶ ገባ። «ሆነ እንዴ?»

«ሆነ።»

«ጎሽ! ተባረኪ!» አለ፤ ፊቱ በራ። «በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

ስልኳ ነዘረ።

«መልስ መጣልኝ» ይላል አባቷ። የደረሰውንም ገልብጦ አስከትሏል፦ «ውድ ደንበኛችን፣ መልእክትዎ ደርሶናል። ለፈጣን አገልግሎት እባክዎ በስልክ ይደውሉልን።» ከሥሩ የራሱን ጨምሮበታል፦ «ልደውል? ጸጥ ያለ ሰው ካጋጠመሽ እኔ ነኝ።»

ስልኩን ለኃላፊው ሰጠችው። አነበበ፣ ሳቀ፣ ሳቁን ዋጠው።

«ይሄ ሲስተሙ ለሁሉም በራሱ የሚልከው መልስ ነው» አለች። «ለዚያ ማሰሪያው ለላላበት ሰውም ሄዷል።»

«ዋናው ቢሮ ነው የጻፈው። አንዲት ፊደል እንዳትነካ ብለዋል። ደብዳቤ እንጽፍላቸውና…»

እሱ እየተናገረ የመልሱን ጽሑፍ በላፕቶፗ ከፈተችው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛውን፣ ይደውሉልን የሚለውን፣ መረጠች።

«ማን ነካው ቢሉኝስ?» አለ ኃላፊው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ሲስተሙ የነካውን ሰው ስም ይይዛል። ስሜ አይጠፋቸውም።»

አጠፋችው። «መልእክትዎ ደርሶናል» የሚለው ብቻ ቀረ። አንዴ አነበበችውና «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫነች።