ለራሳቸው የመሩት ደብዳቤ

ድካም እንደ ዝገት ነው፤ ድምፅ ሳያሰማ ይገባል፥ ብረቱ እስኪሰበር ድረስም ማንም ልብ አይለውም። ሹመት በተደራረበበት ትከሻ ላይ ደግሞ ይህ ዝገት ፈጥኖ ይበረታል፤ ሁለት ወንበር የያዘ ሰው በአንዱ ሲቀመጥ ሌላው ባዶ መቅረቱ ግድ ነውና። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፥ ይህ ነገር በአምባ ወይራ መምህራን ኮሌጅ የእግር ኳስ አሠልጣኝም የስፖርት ክፍል ኃላፊም ሆነው ዕድሜያቸውን በፈጁት፥ በትጉሁና በትሑቱ በመምህር ደምሰው ወልደ ጻድቅ ላይ እንዴት እንደ ደረሰ በትዕግሥት ስማ።

መምህር ደምሰው ጠጉራቸው ገና እንደ ቁራ ክንፍ ጥቁር ሳለ አሠልጣኝ ሆነው ወደ ኮሌጁ መጡ፤ በሦስተኛው ዓመት የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ወደ ሌላ ስፍራ ሲዛወር «ሰው እስኪቀጠር ድረስ ደርበው ይያዙልን» ተባሉ፤ እነሆ ያ ሰው ሳይቀጠር ሃያ ዓመት አለፈ። ጧት በኃላፊነታቸው ኳስ እንዲገዛ ይጠይቃሉ፥ ከሰዓት በኋላ በአሠልጣኝነታቸው ኳሱ ስለምን አልተገዛም ብለው ይወቅሳሉ፤ የሜዳውን መስመር በኖራ የሚያሰምሩ እሳቸው፥ የተሸነፈውን ቡድን በአውቶቡስ ውስጥ የሚያጽናኑም እሳቸው። የመሥሪያ ቤት ሥርዓት ሥርዓት ነውና፥ ኃላፊው ለአሠልጣኙ፥ አሠልጣኙም ለኃላፊው በቁጥርና በቀን ደብዳቤ ይጻጻፉ ነበር፤ የመዝገብ ቤቷ ወይዘሮ አልጣሽም ወረቀቱን ከአንዱ ፋይል አውጥታ በሌላው ስታኖር «ጋሽ ደምሰው፥ እንግዲህ ለራስዎ ሰላምታ ያቅርቡልኝ!» እያለች ትሥቅባቸው ነበር። እሳቸውም በዘመን ብዛት በአሠልጣኙ ፋይል የሚገባውን ወረቀት መግለጥ ተዉ፤ «እኔ ለእኔ ምን አዲስ ነገር እነግረዋለሁ?» ይሉ ነበርና።

ጡረታ ሊወጡ አራት ወር ሲቀራቸው፥ ከዚያ በፊት ከመጀመሪያው ዙር አልፎ የማያውቀው ቡድናቸው በኮሌጆች ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ደረሰ። ሰኞ ዕለት፥ ጨዋታው ሊያልቅ ስምንት ደቂቃ ሲቀረው፥ ጌታመሳይ የተባለው ቀጭኑና ፈጣኑ አጥቂ በግራ እግሩ አስቆጠረ፤ አንድ ለዜሮም አሸነፉ። ተማሪው ሜዳውን አጥለቀለቀው፥ አሠልጣኙንም ተሸክሞ ከተማውን አዞራቸው። እሳቸውም ከሰው ትከሻ ላይ ሆነው፥ ወገባቸው እየታመመ፥ «በቃኝ፤ አሁንስ ደስ ብሎኝ ልሰናበት» አሉ በልባቸው።

ረቡዕ ዕለት ለእሑዱ ፍጻሜ የተጫዋቾችን ስም ሊጽፉ የአሠልጣኙን ፋይል ቢገልጡ፥ የውድድሩ ኮሚቴ የላከው ደብዳቤ ከላይ ተቀምጦ አገኙት። ጌታመሳይ ሁለት ቢጫ ካርድ ስላየ በግማሽ ፍጻሜው እንዳይሰለፍ የሚያዝዝ ነበር። በኅዳጉም «ለእግር ኳስ አሠልጣኝ፤ ተገቢው ይፈጸም» የሚል ተመርቶበታል፤ ጽሕፈቱ የእሳቸው፥ ፊርማው የእሳቸው፥ ማኅተሙም የእሳቸው። ከመንገድ ገብተው በእንቅልፍ ዓይን የወረቀት ክምር የመሩበት ቀን ትዝ አላቸው፤ የዚህ ወረቀት ነገር ግን ከቶ ትዝ አላላቸውም። ደብዳቤውን ከቀኑ ጀምረው ደግመው አነበቡት። ኮሚቴው ደብዳቤውን ከላከ ወዲያ አፈጻጸሙን ለኮሌጆቹ እምነት የሚተው ነበር፤ ተሸናፊው ቡድን ክስ የሚያቀርብበትም ቀን አልፏል። ዝም ቢሉ ፍጻሜው አለ፥ ምናልባትም ዋንጫው፤ ቢናገሩ ግን በሃያ ሦስት ዓመት አንዴ የመጣው ደስታ በገዛ እጃቸው ይፈርሳል።

ዲኑ አቶ ፈንታሁን ነገሩን ከመምህር ደምሰው አፍ በሰሙ ጊዜ ራሳቸውን ያዙ።

«መምህር፥ ማን ጠየቀዎት? ከሳሽ የለ፥ ምስክር የለ!»

«ማኅተሙ አለ።»

«እንግዲያስ ኃላፊው በጊዜው መርቷል፥ ጥፋቱ የአሠልጣኙ ነው ብለን እንጻፍ። ኃላፊነትዎ እንኳ ይትረፍ።»

«ሁለቱም የሚተኙት በአንድ አልጋ ነው፥ አቶ ፈንታሁን፤ አንዱ እንቅልፍ ካጣ ሌላውም አይተኛ» አሉና፥ ከዲኑ ጋር ሳይወዱ ከሣቁ በኋላ፥ ጥፋታቸውን የሚገልጸውን ደብዳቤ ራሳቸው ለኮሚቴው አደረሱ።

ድሉ ተሻረ፤ ፍጻሜውንም ተሸናፊው ቡድን ወረሰው። ትናንት የተሸከሟቸው ትከሻዎች ዛሬ ጀርባ ሆኑ፤ በምግብ አዳራሹ በር ላይ አንዱ ተማሪ «አይ ጋሼ፥ የገዛ ጎላቸውን የሻሩ ዳኛ!» ሲል ሰሙ፥ እንዳልሰማ ሰውም አለፉ። ዐርብ ከሰዓት በኋላ ጌታመሳይ መጥቶ አንገቱን ደፍቶ ቆመ።

«ጋሼ፥ እኔ እኮ ሁለት ቢጫ እንዳለብኝ ዐውቅ ነበር።»

«ታዲያ ልጄ፥ ስለምን አልነገርኸኝም?»

«ሁላችንም እናውቅ ነበር። እርስዎ ግባ ካሉኝ፥ ኃላፊው ነገሩን ጨርሶታል ማለት ነው አልን። ኃላፊውም እርስዎ ነዎት። እርስዎን ማን ይጠይቃል?»

መምህር ደምሰው የድሉ መሻር ያላሳመማቸውን ያህል ይህ ቃል አሳመማቸው። ልጆቹን ሩጫ አስተምረዋል፥ ቅብብል አስተምረዋል፤ እሳቸውን መጠየቅ ግን አላስተማሩም፤ የልጆቹንም ዝምታ ይህን ሁሉ ዘመን እንደ አክብሮት ቈጥረው በልተውታል። በማግስቱ ቡድኑን በሜዳው መካከል ሰብስበው፥ በደከመ ድምፅ፥ «ከእንግዲህ ስሳሳት ያየ ይንገረኝ። አሁንም ያያችሁት ስሕተት ካለ ንገሩኝ» አሉ። ሃያ ሁለቱ ተማሪዎች እርስ በርሳቸው ተያዩ፥ ወደ መሬትም አቀረቀሩ፤ አንድም የተናገረ አልነበረም። እሳቸውም ረጅም ጊዜ ጠበቁ። የማይጠየቅ ሰው ተከበረ አይባልም፤ ብቻውን ተተወ እንጂ።