የዋቅጅራ ቫኪዩም

ዋቅጅራ በሕይወቱ መጥረጊያ ጨብጦ አያውቅም። ቤት መጥረግ ለእሱ የወንድ ሥራ አልነበረም፤ ሞተር ያለው ነገር ግን ሌላ ነው። ሠላሳ ዓመት የአርሲን ስንዴ በኮምባይነር ሲያጭድ የኖረ ሰው፣ አንዴ ቫኪዩም ክሊነር እቤቱ ከገባ በኋላ ማን ከመሪው ሊያወርደው? ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት የሳሎኑን ምንጣፍ እንደ ማሳ መስመር ይዞ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይነዳበታል። ሲጨርስ ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን ያራግፋል፤ ማሽን ሳይጸዳ አያድርም ይል ነበር። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ያጸዳው ምንጣፍ ላይ በጀርባው ይንጋለላል። ሚስቱ ዋጋዬ አንድ ቀን እንኳ ልንካው ብትለው፣ በኦሮምኛ የኤልዳና እናት ብሎ እየጠራት፣ «ሃዳ ኤልዳና፣ ኦፕሬተር አንድ ነው» ይላታል። የአሰላ ጎረቤት ሁሉ ሲስቅበት ኖረ፤ እሱ ምን ገዶት።

ያ ሰው በጥቅምት ወር፣ አንድ እሑድ ማለዳ፣ ልቡ ቀጥ አለ። ዋጋዬን የጎዳት ሞቱ ብቻ አልነበረም፤ ሳይሰናበታት መሄዱ ነው። ደህና ነበር እኮ፣ ትላለች ላገኘችው ሁሉ፣ በዋዜማው ሳሎኑን ሲያጸዳ ነበር እኮ። ወራት አልፈው የቤቱ ዝምታ አላስቀምጥ ሲላት ማሽኑን ራሷ አስነሳችው። ጮኸ፣ ግን አልሳበም። የዳቦ ፍርፋሪ እንኳ ንቅንቅ አላለም።

ሳጉሬ ከተማ የምታስተምረው ልጇ ኤልዳና አዲስ እንግዛ አለች። ዋጋዬ አሻፈረኝ አለች። የናፈቃት ንጹሕ ምንጣፍ ሳይሆን ያ የቅዳሜ ድምፅ መሆኑን ለልጇ ሳትደብቅ ነገረቻት። በመጨረሻ አሮጌውን ተሸክመው የኤሌክትሪክ ዕቃ ወደሚሸጠውና ወደሚጠግነው ወደ ሙህዲን ሱቅ ወረዱ፤ የማይሠራ ከሆነ እዚያው ሌላ ሊመርጡ።

ሙህዲን ለመሸጥ አልቸኮለም። ቱቦውን ነቅሎ ወደ ብርሃን አየበት፤ አልተደፈነም። ሞተሩን አዳመጠ፤ ጤነኛ ነው። ከዚያ መሬት ላይ ተንበርክኮ፣ ማሽኑን በጉልበቱ አጥብቆ፣ የክዳኑን መቆለፊያ በሁለት እጁ ተጭኖ ስንት ጊዜ ታግሎ ከፈተው። ውስጥ ያለው የአቧራ ከረጢት እንደ ትራስ ተወጥሯል።

«እትዬ ዋጋዬ፣ ማሽንዎ ምንም አልሆነም። ከረጢቱ ሞልቶ አየር ማለፊያ አጥቶ ነው» አላት። «ይሄ የሦስት የአራት ወር አቧራ ነው።»

ሊሆን አይችልም አለች ዋጋዬ፤ ባሏ በየቅዳሜው ያራግፈው ነበር። ሙህዲን ክዳኑ በጣም እንደጠነከረ፣ እሱ ራሱ በወጣት ጉልበቱ እንዳላበው ነገራት። ልቡ ደክሞ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰውማ፣ ብሎ ጀመረና የተናገረው ሲገባው ወደ ከረጢቱ አጎነበሰ።

ዋጋዬ ያገኘችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። የባሏ የመጨረሻ ወራት አንድ በአንድ መጡባት። ጩኸቱ ያው ነበር፣ አነዳዱም ያው። ግን ጥግ ሲደርስ ማሽኑን ሳያጠፋ ግድግዳ ተደግፎ ይቆይ ነበር፤ እሷ በመስኮት ሰው የሚያይ መስሏት ነበር። እንዳትደነግጥበት ብሎ ለካ ያን ሁሉ ቅዳሜ የማይስብ ማሽን ሲያስጮህላት ከርሟል።

ሙህዲን ከረጢቱን ውጭ አራግፎ መልሶ ገጠመውና አስነሳው። ማሽኑ የሱቁን ምንጣፍ ጫፍ ጎርሶ ያዘ። ኤልዳና ደስ ብሏት ወደ እናቷ ዞረች። ዋጋዬ ግን አጥፉት ብላ በእጇ አመለከተች፤ ጠፋ።

«ሊሞት በዋዜማው ነው፣ ኤልዳና» አለች። «ምንጣፉ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ በጣቴ አሳይቼ፣ ሰነፍክ አልኩት። ሳቀብኝ። ሳቀና እንደገና ከግድግዳው ጀመረልኝ።»