የጎደሉት ሁለት ቫልቮች

አባቴን ኔቪልን ስትሮክ ከመታው ወዲህ ከአፉ አንድ ቃል አልወጣም። ይበላል፣ ይተኛል፣ በመስኮት የጎረቤቱን የእርግብ ቤት ያያል። እኔን ግን አያየኝም። «አባዬ፣ ጌይል ነኝ» ስለው ዓይኑ ትከሻዬን አልፎ ይሄዳል። በዚህ ዕድሜዬ አባቴ እንዲያውቀኝ ደጅ መጥናት አንገበገበኝ። ሐኪሟ «የሚወዱትን ነገር አሰሟቸው» አለች። የሚወደው ነገር ደግሞ ደረጃው ሥር አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ የጊታር ድምፅ ማጉያው።

በከተማችን በእንግሊዟ ሮዘራም፣ በሠራተኞች ክበብ ቅዳሜውን ያሳለፈ ሰው ሁሉ ያንን ማጉያ ያውቀዋል። የሌሎቹ ሲያጓራ የአባቴ ያጉረመርማል፤ ዝግ ብሎ፣ ጫፉ ላይ ሻከር ብሎ፣ ጉሮሮው እንደ ደረቀ ሰው። «ኔቪል፣ ኧረ ቀንሰው፣ የቢንጎ ቁጥር አላሰማ አለን!» እያሉ በሽሙጥ ይስቁበት ነበር። እሱ ፈገግ ብሎ ቢራውን ይጠጣል። እኔም ዕቃው ርካሽ ስለሆነ ይመስለኝ ነበር።

ክላይቭ ከሥጋ ቤቱ ጀርባ ባለች ክፍል እንዲህ ያሉ አሮጌ ማጉያዎችን ይጠግናል። ስለ እነሱ ሲያወራ ላየው ያገባቸው ነው የሚመስለው። ማጉያውን ስወስድለት፣ ክዳኑን ከመክፈቱ በፊት የፊት ሰሌዳውን በመዳፉ ዳሰሰው።

«የመጀመሪያዎቹ ሰሌዳቸው ነጣ ያለ ነበር፤ ቀጥሎ መዳብማ መጣ፤ ኋላ ግራጫ። ያንቺ መዳቡ ነው። ጀርባው ላይ ይቺን ቀዳዳ አየሻት? ጊታረኞቹ ድምፁ ደበዘዘብን ብለው ሲያማርሩ ጊዜ ፋብሪካው ቆርጦ የድምፅ ማድመቂያ ጨመረላቸው። ኋላ የመጡት ላይ ማድመቂያው ከፊት ነው።»

«እኔ የጠየቅኩህ ይሠራል ወይ ነው።»

«የኔ እመቤት፣ እንደ ተወለደበት ቀን አድርጌ ነው የምመልስልሽ።»

ቃሉን ጠበቀ። እሁድ ከሰዓት እያለከለከ ራሱ ተሸክሞት መጣ። አባቴ ወንበሩ ላይ ነበር። ክላይቭ የአባቴን ጊታር ሰክቶ፣ ቫልቮቹ፣ እነዚያ እንደ አምፖል የሚበሩት የመስታወት ቱቦዎች፣ እስኪሞቁ ጠብቆ፣ ክሮቹን መታ። ድምፁ ቤቱን ሞላው፤ ጥርት ያለ፣ ደማቅ፣ ግዙፍ። የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ጎረቤታችን ከማዶ ግድግዳውን ደበደበች። አባቴ በደኅና እጁ ጆሮውን ያዘና ፊቱን አዞረ።

የቀረችኝ ተስፋ ይህችው ማጉያ ነበረች። እንባዬ መጣ፤ እኔ ደግሞ ሳለቅስ እቆጣለሁ።

«ይኼ የአባቴ አይደለም!» ብዬ ጮህኩበት። «የማን ሣጥን ነው ያመጣህልኝ?»

ክላይቭ ደነገጠ። «የአባትሽ ነው እንጂ! አንድ በአንድ በፋብሪካው ንድፍ ነው የሠራሁት። እንዲያውም የጎደለውን ሞልቼልሻለሁ። ድምፁን ከሚገፉት አራት ቫልቮች ሁለቱ ቦታቸው ላይ አልነበሩም። ደግነቱ ሣጥኑ ውስጥ ከታች አገኘኋቸው፤ አዲስ ናቸው ማለት ይቻላል። የሆነ ቀሽም ደግሞ ለሁለት ብቻ እንዲሆን ብሎ ሽቦውን ቀያይሮት ነበር፤ አስተካከልኩት።»

«እንዴት ሆነው አገኘሃቸው?»

ከኪሱ አንዲት ነገር አወጣ። «በዚህ ተጠቅልለው።»

በእጅ የተሠራች ቢጫ የሕፃን ካልሲ ነበረች። አውቃታለሁ፤ ጥንዷ እኔ ጋ አለች። እናቴ ቤሪል፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሌላዋን የጣላት አባትሽ ነው» እያለች እንደ ነዘነዘችው ነው የሞተችው።

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አልጋዬ ከዚህች ሳሎን በላይ ነበር። አባቴ ቀን ብረት ፋብሪካ ውሎ ሲመጣ እኔ እተኛለሁ፤ እሱ ደግሞ ለቅዳሜ መለማመድ አለበት። የማጉያውን ግማሽ ጉልበት ነቅሎ በካልሲዬ ጠቀለለው። ከዚያ እኔ አድጌ ቤቱን በጩኸት ስሞላው እንኳ አልመለሰውም። ሲሳቅበት ኖረ፤ ለማንም ትንፍሽ አላለም። እንዴት እንደ ወደድኩት!

«ንቀላቸው» አልኩት ክላይቭን።

«ንድፉ እኮ...»

«ንድፉን ተወው፣ ክላይቭ። የነቀላቸው አባቴ ነው። እኔ እንድተኛ።»

ካልሲዋን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ማጉያውን አጥፍቶ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ጀርባውን ፈታ። ሽቦውንም እንደ ነበረው ሲመልስ «ቀሽሙስ እኔ ነኝ» ብሎ ሲያጉረመርም ሰማሁት። ሁለቱን ቫልቮች መዳፌ ላይ አኖራቸው።

እንደገና መታ። ያ ያደግኩበት ማጉረምረም መጣ፤ ዝግ ብሎ፣ ሻከር ብሎ። አባቴ ፊቱን መለሰ። ማጉያውን ቆይቶ ቆይቶ አየው፤ ከዚያ ዓይኑ ቀስ እያለ ወደ ጣሪያው ወጣ። ደኅናው እጁ ተነሣ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ።

«እሽሽ» አለ።

ክላይቭ እጁን ክሮቹ ላይ አሳረፈ።

«ጌይል ተኝታለች» አለ አባቴ።

ሽበቴን ይዤ እፊቱ ቆሜያለሁ። ክላይቭን በእጄ «ቀጥል» አልኩትና፣ ፎቅ ላይ የተኛሁት ሕፃን እንዳልነቃ፣ ትንፋሼን ዋጥ አደረግኩ።