ከበሩ ወደ መስኮቱ

«ተመልከቱት እስኪ! ሞጣ ይህን ያህል ሩቅ ነው እንዴ? በእግሩ ቢመጣ እንኳ ሃምሳ ዓመት ይፈጅበታል?»

ይህን ያለው የአቶ ያየህ የወጣትነት ጓደኛ ሰማው ነው፤ የንፍሮ ሳህኑን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ድንኳኑ ደጃፍ ተቀምጧል። ያየህ በአጠገቡ አልፎ ወደ ቤቱ አመራ። ደብረ ወርቅ ላይ መንገድ ተዘግቶበት ሁለት ቀን አድሮ፣ የታላቅ ወንድሙ የፋንታ ቀብር አምልጦት፣ ብቸና የደረሰው በሠልስቱ ነው። እንደ ደንቡ ከደጅ ጀምሮ «ወንድሜን!» እያለ መግባት ነበረበት። ግን ይህን ያህል ዘመን ያልጠራውን ሰው በምን አፉ ይጥራው?

ዝም ብሎ ወደ ውስጥ ዘለቀ። አባታቸው መሪጌታ ወልደ ኪዳን የሠሩት ቤት ነው፤ አንድ በር፣ አንድ መስኮት፣ በሁለቱ ግድግዳ ሁለት የጭቃ መደብ። ሐዘንተኞቹ በመስኮቱ በኩል ናቸው። በበሩ በኩል እንግዳ ይቀመጣል። እዚያው በሩ ሥር አንዲት አሮጌ በርጩማ አለች፤ የፋንታ ጋቢ ታጥፎ ተቀምጦባታል።

ያየህ ከእንግዶቹ መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ።

የፋንታ ሚስት አስናቀች ቀና ብላ አየችው። «ያጽናዎት ልንልዎ የሚገባን እኛ ነን እንጂ። ወንድም እንግዳ መደብ ላይ ይቀመጣል? ወዲህ ይምጡ።»

«ይቆየኝ» አለ። መናገር ያለበት ነገር አለ፤ እሱን ሳይናገር ከሐዘንተኛ ጎን ቢቀመጥ ሌላ ውሸት ይሆንበታል።

አጠገቡ ሁለት አዛውንት ስለ ሟቹ ያንሾካሽካሉ። «ሲያስታርቅ አይተኸው ታውቃለህ? ባላጋራዎቹን ፊት ለፊት አያስቀምጥም። አጠጋግቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ነው።» «አዬ፣ ፋንታ! እሱ ባይኖር እድራችን ለሁለት አልነበር የሚከፈል?»

ያየህ ዓይኑን ከመደቡ ላይ ማንሣት አቃተው።

ንጉሡ በወረዱ በሁለተኛው ዓመት፣ ሰባት ልጆች በዚሁ ቤት ተሰብስበው የፖለቲካ መጽሐፍ ያነቡ ነበር። መጽሐፉ አንድ ብቻ ስለሆነ ፋንታ የአባቱን እጅ በወረሰ ጽሕፈቱ ይገለብጥላቸዋል። መሬት ለአራሹ ይሁን ሲባል ሁሉም አንድ ቃል ናቸው። የተለያዩት በአንዲት ጥያቄ ነው፤ ከወታደሮቹ መንግሥት ጋር እየሠሩ ማረም ይሻላል ወይስ ከጅምሩ መቃወም? አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጅ እያወጡ ሊቆጥሩ ሞከሩ። ሰማው ለሁለቱም ያወጣል።

«አንተ ሰውዬ፣ ስንት እጅ ነው ያለህ?» አለው ሰብሳቢው።

«ሁለት! አንድ አንድ ላዳርሳችሁ ብዬ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰብሳቢው ያየህ ነበር፤ ገና ሃያ ዓመቱ ነው፣ ትዕግሥት የለውም።

«እንግዲያው አብረን እንሥራ የሚል በመስኮቱ በኩል፣ እንቃወም የሚል በበሩ በኩል ይቀመጥ!»

ለቆጠራ እንዲመቸው ነበር፤ ሌላ አላሰበም።

«ከአንድ መሶብ የሚበላ ሰው እንዲህ ይለያል?» አለ ፋንታ እየሳቀ።

«ለአንድ አፍታ ነው፤ እዚያ ተቀመጥ አልኩህ!»

ፋንታ ከጓደኞቻቸው ከይታያልና ከሰማው ጋር በሩ ዘንድ ተቀመጠ።

በሚቀጥለው እሑድ ማንም ሳያዝ ሁሉም በየመደቡ ቦታውን ያዘ። በሦስተኛው እሑድ የበሩ ልጆች አልመጡም። አዲስ አበባ ላይ አንዱ ከወታደሮቹ ጋር የሚሠራ፣ አንዱ የሚቃወማቸው ሁለት ድርጅት መቆሙ ሲሰማ ለእነሱ አዲስ የሆነባቸው ስሙ ብቻ ነው፤ ቦታቸውን አስቀድመው ይዘዋል።

ከዓመት በኋላ አንድ ካድሬ ያየህን ጠርቶ ሻይ ጋበዘው። «በበሩ በኩል ማን ማን ነበር?» አለው፣ በወዳጅ ድምፅ። ያየህ እንደ ክፍል ስም ጥሪ በተቀመጡበት ተራ ነገረው፤ ይታያል፣ ፋንታ፣ ሰማው። የሚመክሯቸው መስሎኝ ነው እያለ ራሱን ሲሸነግል ኖሯል። ይታያል በተወሰደበት ቀረ። ፋንታና ሰማው ሰባት ዓመት ታሰሩ። ቆይቶ ተራው ለመስኮቱ ልጆችም ደረሰ፤ ያየህ ሞጣ ሸሽቶ እዚያው ሱቅ ከፈተ።

ከድንኳኑ የወጣቶች ክርክር ሞቅ ብሎ ተሰማ። «አንተስ ከማን ወገን ነህ? እሱን ንገረና!»

ሰማው ሳህኑን ሊመልስ ገብቶ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«አስናቀች» አለ ያየህ። «ስማቸውን ለካድሬው የሰጠሁት እኔ ነኝ። የይታያልን፣ የፋንታን፣ የዚህንም።»

ሰማው እንደ ልማዱ ሊቀልድ አፉን ከፈተ። ከዚያ ግን ሳህኑን ደረቱ ላይ አስጠግቶ የበሩን መቃን ተደገፈ።

አስናቀች የነጠላዋን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች።

«ፋንታ ያውቅ ነበር» አለች።

«ነገረሽ?»

«እሱ ምን ይናገራል! ግን ያችን በርጩማ ያይዋታል? ከእስር ከወጣ ጀምሮ ከእሷ በቀር ሌላ ቦታ ተቀምጦ አያውቅም። ነፋሱ ደረቱን ይመታዋል፣ ኧረ ወደ መስኮቱ ጠጋ በል እለዋለሁ፤ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ተቆጥቼ ለምን ብለው፣ ‹ወንድሜ ነው እዚህ ተቀመጥ ያለኝ፤ ተነሥ እስኪለኝ ነው› አለኝ።»

«ተቀይሞ ነው? ወይስ…»

«እኔ ምን አውቄ። እየሳቀ ነበር። ዓይኑ ግን ወደ መንገዱ ነበር።»

ያየህ መደቡን ተደግፎ ተነሣ። በርጩማዋ አጠገብ ሲደርስ ጎንበስ አለ።

«ወንድም ጋሼ፣ በቃ፣ ተነሥ» አለ፣ ለራሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ።

በርጩማዋን ጋቢው እንዳለባት በሁለት እጁ አነሣት። ሰማው ፊቱን ሳያየው ከበሩ ገለል ብሎ መንገድ ለቀቀለት። ያየህ ቀስ እያለ ቤቱን አቋረጠና መስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት ላይ አኖራት። ሐዘንተኞቹ መደቡ ላይ ቦታ ለቀውለት ነበር። እሱ ግን ከበርጩማዋ ጎን መሬት ላይ ተቀመጠ።