የማያማት እግር

ገዱ የበቅሎዋን ልጓም ሳብ አድርጎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመና እህቱ ዘቢደር እንድትደገፈው ትከሻውን አመቻቸላት። በዚህ አገር በበቅሎ የሚሄድ ሰው ደጁ ላይ ሲደርስ ይወርዳል፤ ተሳልሞ፣ ቅጥሩን በእግሩ አልፎ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው። ዘቢደር ግን ንቅንቅ አላለችም።

"ውረጂ እንጂ፤ ምን ትጠብቂያለሽ?"

"አልወርድም።"

ገዱ በኀፍረት ዞር ብሎ አየ። ተዝካር በልተው ከጥዱ ሥር የተቀመጡት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመዋል።

ዘቢደር ከደባርቅ እስከ ጊች የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ጭና ስትመላለስ የኖረች ሴት ናት፤ ምላሷን ጭነኞቹ ወንዶች እንኳ ይፈሩታል። በክረምቱ መውጫ ግራ እግሯ አብጦ እንደ ፍም ሲግል፣ ወጌሻው አሻግሬ ወለምታ ነው ብሎ በቅቤ አሸው፣ ጎተተው፣ አንቋቋው። እሷ አንዴም እህ አላለች። አሻግሬም የወንድ ልብ ነው ያላት እያለ በየደረሰበት አወራላት፤ እሷም በወሬው ኮርታ በዚያው እግሯ ጊች ወጣች፣ ወረደች። ጎንደር የሄደችው ውስጥ እግሯ ተገልብጦ ወደ ታች ካበጠ በኋላ ነው።

ሐኪሙ ስኳር በሽታዋ የእግሯን ነርቭ እንደገደለው፣ ሳያማት ስትረግጠውም አጥንቱ እየፈረሰ እንደሆነ ነገራት። ጀግንነት አልነበረም ማለት ነው። ይህ ከበሽታው ይልቅ አንገበገባት። የአጥንቱን መፍረስ እንዲገታ ተብሎ መድኃኒት በደም ሥሯ ቀስ እያለ ገባላት፤ እግሯም እስከ ጉልበቷ በጀሶ ታሰረ። እየረገጠችው ግን መድኃኒቱ ብቻውን ምንም እንደማያደርግላት፣ ከባሰም እግሯ ሊቆረጥ እንደሚችል አስጠነቀቃት።

ለዘመድ አዝማዱ ግን መድኃኒቱን ወሰደች ከተባለ ጀምሮ ድናለች።

"ያምሻል?" አላት ገዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አያመኝም።"

"ታዲያ መድኃኒቱ ሠርቷል። እዚህችው ድረስ እኮ ነው።"

"አንተ ልጅ፣ እግሬ ያለቀው ሳያመኝ አይደል እንዴ? ቢያመኝማ አሻግሬን በጥፊ ብዬው እግሬ በተረፈ።"

ከጥዱ ሥር አንድ ሰው ሳቁን ዋጠ። ሌሎቹ ደግፈን እናውርድሽ አሏት። ጠዋት ከጎንደር ስትመለስ መናኸሪያው ላይ ዘመዶቿ ሲያፈናጥጧትም እንደግፍሻለን ብለዋት ነበር፤ ጀሶው ከድንጋይ ጋር ሲላተም ስላልጮኸች ማንም ልብ አላለውም።

ልጆቿን ክርስትና ያነሱላት አባ ሀብተ ሚካኤል መስቀላቸውን ይዘው መጡ።

"ምነው ልጄ፣ ደጁን ረሳሽው?"

"አልረሳሁም አባቴ። ሐኪሙ መሬት እንዳልረግጥ ገዝቶኛል።"

"ግዝት የካህን ነው።"

"የእርስዎ ለነፍሴ ነው፤ የሱ ለእግሬ። እኔ ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ።"

አባ መስቀሉን ደረታቸው ላይ ይዘውታል፤ የቆመ ሰው በሚሳለምበት ልክ። ዘቢደር ነጠላዋን አስተካክላ ግንባሯ የበቅሎዋን ጋማ እስኪነካ ጎነበሰች። አልደረሰችበትም።

ገዱ ሊያወርዳት ወገቧን ያዝ አደረጋት።

"እጅህን ሰብስብ" አለችው።

ልጓሙን ከእጁ ወሰደችና ቀና አለች።

"መስቀሉን ከፍ ያድርጉልኝ፣ አባ።"

ከፍ እስኪል ድረስም በቅሎዋን እዚያው ደጁ ላይ አቆመቻት።